ማላኪ ያላየው መንገድ

ለማላኪ ሄነገን እግዜር ሲሰጠው አፍ አትረፍርፎ ሰጠው። በአየርላንድ ምዕራብ፣ ከሉዊስበርግ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ከሚስቱ ከዴርቭላ ጋር የእንግዳ ማረፊያ ከከፈተ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። «አራት መኝታ ቤት፣ አርባ በግ፣ አንድ ምላሰኛ ባል» ትላለች ዴርቭላ፣ ያላትን ስትቆጥር።

እንግዶቹ መጀመሪያ የሚመጡት ለአልጋው ነበር። ሁለተኛ የሚመጡት ግን ለማላኪ መንገድ ነው። ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ሻይ ሲደገም፣ ማላኪ የቅቤውን ቢላዋ እንደያዘ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ይጠጋና፣ «ስንት ቀን አላችሁ?» ይላል። ሦስት ቀን ያሉትን በሦስት ቀን፣ ሳምንት ያሉትን በሳምንት የሰሜን ምዕራቡን ዳርቻ ያካልላቸዋል።

«በመጀመሪያው ቀን ኬጅ ሜዳ። በረግረጉ ሥር የተቀበረ፣ አምስት ሺህ ዓመት የሞላው የእርሻ አጥር ታያላችሁ። አርባ ደቂቃ ይበቃል። በማግስቱ ስላይጎ፣ የጥንት ሰዎች መቃብር። ሦስተኛው ቀን ስሊቭ ሊግ! ገደሉ ቀይ አለው፣ ቢጫ አለው፣ አረንጓዴ አለው። እዚያ ቆሞ ያላለቀሰ ሰው ካለ የቁርሱን ገንዘብ እመልሳለሁ። ከስላይጎ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። መታጠፊያውን ዓይን ያለው አይስተውም።»

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። ስልካቸው መንገድ የሚመራቸው እንግዶች እንኳ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ይከቱታል።

በጋው አልቆ እንግዳ ሲሳሳ፣ ከኦንታሪዮ የመጡ ጡረተኛ ነርስ፣ ወይዘሮ ሎሬታ፣ ከዝምተኛው ባላቸው ጋር ማላኪ ያወጣላቸውን የአምስት ቀን መንገድ ጨርሰው ለመጨረሻዋ አዳር ተመለሱ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ዳቦአቸውን ቅቤ እየቀቡ፣

«ማላኪ፣ ያን ገደል ያዩ ጊዜ እርስዎም አለቀሱ?» አሉት።

«ያላለቀሰ ማን አለ!»

«ለመጨረሻ ጊዜ የሄዱት መቼ ነው?»

ማላኪ ሻይ ቀዳ። ያልጠየቀ ሰው ኩባያ ውስጥ ቀዳ። «ሰሞኑን እንኳ አልሄድኩም» አለ።

ዴርቭላ ቋሊማ የደረደረችበትን ሳህን ይዛ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሳቋ አመለጣት።

«ሰሞኑን! ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰሞኑን ነዋ! ወይዘሮ ሎሬታ፣ ይሄ ሰውዬ ከስላይጎ ወዲያ ረግጦ አያውቅም። ስላይጎም የሄደው ጥርሱን ሊያስነቅል ነው።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። አምስት ቀን ሙሉ ድምፃቸው ያልተሰማው የወይዘሮ ሎሬታ ባል እንኳ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ማላኪም ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ጆሮው ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ፣ «በጎቹን ልያቸው» ብሎ ወጣ።

ነገሩ እውነት ነበር። ማላኪ የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ከእንግዶች አፍ ነው። አንዱ ተመልሶ የገደሉን ቀለም ይነግረዋል፣ ሌላው መንገዱ የት ላይ እንደሚጠብ፣ ሦስተኛው የቱ ጋ ጥሩ የዓሣ ሾርባ እንዳለ። እሱ ሁሉንም አዋሕዶ፣ ጨውና ቅመም ጨምሮ፣ ለሚቀጥለው እንግዳ ያቀርባል። ማንንም ዋሽቶ አያውቅም። «እኔ አይቻለሁ» ብሎም አያውቅም። ግን «አላየሁም» ብሎም አያውቅም።

እንግዶቹ ሄዱ። ማላኪ ካርታውን ከግድግዳው አወረደና ጠቅልሎ ከቁም ሣጥን ኋላ ሸጎጠው። ምሳ ላይ አልተናገረም። እራት ላይም አልተናገረም። ማላኪ ዝም ያለበት ቤት ወፍጮ የቆመበት ሰፈር ይመስላል፤ ዴርቭላ የራሷን እርምጃ እየሰማች ደነገጠች። ይቅርታ ልትለው ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ግን በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ይቅርታ የሚባባሉት በቃል አልነበረም፤ ከየት ትጀምረው?

በማግስቱ ጠዋት ማላኪ ከበጎቹ ሲመለስ፣ ዴርቭላ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ካፖርት ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው የእንግዶች ጠረጴዛ ተቀምጣ ጠበቀችው። ካርታው ቦታው ላይ ተሰቅሏል።

«ደህና አደሩ ጌታዬ» አለችው።

«ምን ሆነሻል?»

«አንቺ አይበሉኝ፤ እንግዳ ነኝ። ስድስት ቀን አለኝ፤ መኪና አለኝ፤ አገሩን ግን አላውቀውም። እርስዎ መንገድ ያወጣሉ ሲባል ሰምቼ ነው።»

ማላኪ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አዟዟረው። መውጣትም አማረው፣ መሳቅም አማረው። «ማረፊያው ለዘንድሮ ተዘግቷል» አለ።

«በሩን ክፍት አግኝቼው ነው የገባሁት።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከማድ ቤት።»

«ሩቅ ነው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ያስኬዳል።»

ማላኪ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገና በጠዋት ድምፁ፣ በዚያ እንግዳ በሚወደው ድምፁ፣ «ለመሆኑ ገደል ነው የሚወዱት ወይስ ፍርስራሽ?» አላት።

ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ፍርስራሽስ ቤቴ አለኝ።»

እዚህ ላይ ማላኪ አልቻለም፤ ሳቀ። ሲስቅ ኩርፊያው አብሮ ወጣለት። ቢላዋ አንሥቶ ወደ ካርታው ተጠጋ። ኬጅን ጠቆመ፣ ስላይጎን ጠቆመ፣ ስሊቭ ሊግን ጠቆመ። ዴርቭላ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ማሊን ሄድስ?»

«ማሊን ሄድ?» ቢላዋው አየር ላይ ቆመ። «እሱ እኮ የአገሩ ጫፍ ነው። በጣም ሩቅ ነው፤ ለማንም ጽፌው አላውቅም። እዚያ ምን አለዎት?»

«እኔ እንጃ። ልጅ ሆኜ አባቴ ጀልባ ስለነበረው፣ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮኑ የባሕሩን አየር ሲናገር ትንበያው ሳያልቅ ማንም ማንኪያ አያነሳም ነበር። ‹ማሊን ሄድ፣ ነፋስ ደቡብ ምዕራብ፣ ዝናብ።› አሁንም እኔ ቋሊማውን ስጠብስ ሬዲዮኑ ይሄንኑ ይላል። ከእናቴ ስም ይልቅ ይሄን ስም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም።»

ማላኪ ቢላዋውን አወረደ። «ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀውኝ አያውቁም። እርስዎ የሚጠይቁት እንግዳ ብቻ ነው።»

ይህ ቃል ገባበት። ወደ ካርታው ዞረ። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጣት፣ «ሾፌር ያስፈልግዎታል?» አላት።

«ነጂዋ እኔ ነኝ። እርስዎ መንገዱን ይነግሩኛል» አለች፤ ወዲያው እንግድነቷን ረሳችና፣ «ትመጣለህ አይደል?» አለችው።

«ካፖርቴ የት ነው?» አለ ማላኪ።

ካፖርቱ ቢገኝም የሄዱት በሦስተኛው ቀን ነው። ለሰው መንገድ ማውጣት ለማላኪ ውሃ መጠጣት ነበር፤ ለራሱ ሲሆን ግን እጁ ታሰረ። መጀመሪያ የጻፈው ወረቀት ላይ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ነበረበት። ዴርቭላ እርሳስ አንሥታ አሥራ ሁለቱን ሰረዘች።

«መነኮሳቱ የኖሩባትን ደሴት ሰረዝሻት?»

«በጀልባ አይደለም እንዴ የሚገባው? አንተ በገንዳ ውሃም ታስመልሳለህ።»

የቀረውንም እያንዳንዱን መጠራጠር ጀመረ። «እዚህ ጋ የሁለት ሰዓት መንገድ ይላል። ሁለት ሰዓት ያለኝ ማን ነበር?»

«ያ ጀርመኑ እንግዳ።»

«ጀርመኑ እንዴት ነበር የሚነዳው?»

«ፖሊስ እንደሚያባርረው ሰው።»

ማላኪ ሁለቱን ሰርዞ ሦስት ጻፈ፤ አሰበና ሦስቱን ሰርዞ «እንደ ሁኔታው» ብሎ ጻፈ። ዶሮዎቹንና በጎቹን የተረከበው ጎረቤታቸው ፓኪ አጥር ላይ ተደግፎ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ «አንተ ማላኪ! መንገድ የሚያሳይህ ሰው ልቅጠርልህ እንዴ? አንድ ጎበዝ አውቃለሁ፤ እዚሁ ሉዊስበርግ ነው፤ ሁሉንም ያውቃል ይባላል!» አለው። ማላኪ በዱላው ዛተበት። ዴርቭላ መኪናዋን አስነሣች።

ኬጅ የደረሱት ረፋዱ ላይ ነው። ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ቡናማ ረግረግ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰዎች ቆፍረው ያገኙት ረጅም የድንጋይ አጥር። ለእንግዳ ሲናገር አርባ ደቂቃ ይበቃል የሚል እሱ፣ አጥሩን ሲያይ በግ አርቢነቱ ተነሣበት። ተንበረከከ። ድንጋዩን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ዴርቭላ፣ ነይ እይ። ይሄኛው ሰውዬ ጎበዝ ነው፤ ትልቁን ከሥር፣ ትንሹን ከላይ። ከዚህ ወዲህ ያለው ግን የጎረቤቱ ሥራ ነው። ቸኩሏል። በግ አምልጦታል፤ እምልልሻለሁ በግ አምልጦታል።»

«ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት?»

«ሰነፍ አጥር ሁልጊዜ ሰነፍ አጥር ነው። ተጣልተዋል። ይሄኔ አንዱ የሌላውን በግ ይዞ አስሮ ነበር።»

የቦታው አስጎብኚ ወጣት ሴት መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ ግን ማስታወሻ ይዛ ትጠይቀው ጀመር። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያው ቆዩ። ከመውጣታቸው በፊት ማላኪ የመኪናውን በር ይዞ እንደቆመ፣ «ስንቱን ሰው አርባ ደቂቃ ብዬ ልኬዋለሁ» አለ። «በየቤታቸው ደብዳቤ ልጻፍላቸው ይሆን?»

«ግባ» አለችው ዴርቭላ፣ «ስላይጎ ሩቅ ነው።»

ስላይጎ ሩቅ ነበር። ከስላይጎ ገደሉ ደግሞ ይብሳል፤ የሁለት ሰዓት የተባለው መንገድ አራት ሰዓት ፈጀባቸው፤ አንዱን ሰዓት የፈጁት ማላኪ ዓይን ያለው አይስተውም ይል የነበረውን መታጠፊያ ሦስት ጊዜ አልፈውት ነው። ከገደሉ ሥር ባለችው መንደር ያረፉበት ማረፊያ ባለቤት፣ ወይዘሮ ግሮንያ፣ በማግስቱ የሶዳ ዳቦ እየቆረሱ ሁሉንም ተነተኑላቸው፤ የት መቆም እንዳለባቸው፣ የቱ ጋ ንፋስ እንደሚበረታ፣ በስንተኛው ደቂቃ ትንፋሻቸው እንደሚቆም። ማላኪ አፉን ከፍቶ ሰማቸው። እንዲህ ያለ አንደበት ከራሱ ሌላ ገጥሞት አያውቅም።

«እርስዎ ብዙ ጊዜ ይወጣሉ?» አላቸው።

«እኔ?» ወይዘሮ ግሮንያ ቢላዋውን አስቀመጡ። «ኧረ እኔን ከፍታ ያዞረኛል! ግን ሁሉም እውነት ነው፤ ከእንግዶች ነው የሰማሁት።»

ዴርቭላ ጠረጴዛው ሥር የማላኪን እግር ረገጠችው። ማላኪ ግን አልሳቀም። ተነሥቶ የሴትዮዋን እጅ እንደ ዘመድ ጨበጠው።

ወደ ገደሉ የሚወጣው መንገድ አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፍ ናት። ዴርቭላ ስትነዳ ማላኪ ዓይኑን ጨፍኖ የበሩን እጀታ እንደጨበጠ ወጡ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ዓይኑን ገለጠ፤ «ብገልጠውም ባልገልጠውም ያው ነው» አለ። ጉም ነው። ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ ምንም የለም። ከታች የሆነ ቦታ ባሕሩ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል እንጂ አይታይም።

ዴርቭላ ፔርሙዙን ከፍታ ሻይ ቀዳች። የእንቁላል ሳንዱዊች አካፈለችው። መስታወቱ በትንፋሻቸው ላበ።

«በጉሙ ደስ ያለህ ትመስላለህ» አለችው።

ማላኪ ሳንዱዊቹን አገላበጠው። «አንድ ነገር ልንገርሽ? እኔ ጊዜ አጥቼ አይደለም እስከዛሬ ያልመጣሁት። በጎቹም አይደሉም፤ እንግዳውም አይደለም። ፈርቼ ነው።»

«ከፍታ?»

«እሱም አለ። ግን ዋናው እሱ አይደለም። መጥቼ ሳየው እኔ እንደምለው ባይሆንስ? ስንት ሰው ፊት የሳልኩት ነገር ነው። መጥቼ ተራ ድንጋይ ሆኖ ባገኘው፣ በማግስቱ ቁርስ ላይ ምን እላለሁ? ቤት ከዋልኩ ግን ሁልጊዜ ያማረ ነው።»

ዴርቭላ ሻይዋን ጠጣች። ልትቀልድበት የምትችልባቸው አራት መንገዶች ወዲያው መጡላት፤ አራቱንም ዋጠቻቸው።

«እኔ ደግሞ» አለች በመጨረሻ፣ «አንተ ስትናገር ከማድ ቤቱ በር ቆሜ የምሰማው ቋሊማው እስኪበስል እንዳይመስልህ። ቋሊማው ከበሰለ ቆይቷል።»

ማላኪ ዞሮ አያት። ሊመልስላት ሲል መስኮቱ በራ። ጉሙ እንደ መጋረጃ አልተገለጠም፤ እዚህም እዚያም እየተቦጨቀ፣ መጀመሪያ የባሕሩን አረፋ፣ ቀጥሎ አንድ ጥቁር ጥርስ የመሰለ ዓለት፣ ከዚያ ግድግዳውን በሙሉ አሳየ። ከመኪናው ወረዱ። ገደሉ ከውሃው ተነሥቶ እስከ ደመናው ይሄዳል። ቀዩም አለ፣ ቢጫውም አለ፣ አረንጓዴውም አለ፤ ማንም ያልነገረው ግን ትልቅነቱን ነው። ከታች የሚበሩት ነጫጭ ወፎች የአቧራ ቅንጣት ያህሉ ነበር።

ማላኪ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«ተናገር እንጂ» አለችው ዴርቭላ።

ራሱን ነቀነቀ። ጉሙ ተመልሶ እስኪሸፍነው ድረስ አንድ ቃል አልወጣውም። ከዚያ አፍንጫውን ተናፍጦ፣ «ነገ ጠዋት እንመለስ» አለ፤ በማግስቱም ተመለሱ፤ በእቅዱ ላይ የነበረው የድንጋይ ምሽግ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

ማሊን ሄድ የደረሱት በስድስተኛው ቀን፣ ቤታቸው መግባት በነበረባቸው ቀን ነው። ዴርቭላ የመኪናውን በር ልትከፍት ብትገፋው ነፋሱ መልሶ ገፋባት፤ ማላኪ በወዲያ በኩል ዞሮ ጎትቶ አወጣት። አንድ አሮጌ ግንብ፣ ራቁት ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ። ዴርቭላ መሐረቧን አገጯ ሥር አጥብቃ አሰረችና እስከ ዳሩ ሄደች። ብዙ ቆመች። ማላኪ ከኋላ ሆኖ ልቡ ተረበሸ፤ ከጠበቀችው አንሶባት ይሆን ብሎ ፈራ።

«ምንም የለም አይደል?» ብሎ ጮኸ፤ ነፋሱ ቃሉን ይነጥቀዋል።

ዞረች። ፊቷ በንፋሱ ቀልቷል፤ እንደ ልጅ ትስቃለች። «ምንም የለም!» ብላ ጮኸች። «ምንም የለም፣ ማላኪ! ነፋስና ውሃ ብቻ ነው! ልክ ሬዲዮኑ እንዳለው!» ከዚያ የዜና አንባቢውን ድምፅ ወፍራም አድርጋ፣ «ማሊን ሄድ! ነፋስ ደቡብ ምዕራብ! ዴርቭላ ሄነገን፣ እርጥብ!» አለች፤ በዚያው ቅጽበት ዝናቡ ወረደባቸው። ሩጫ ካቆሙ ዓመታት ያለፏቸው ሁለት ሽማግሌዎች እየተጋፉ ወደ መኪናቸው ሮጡ።

መኪናው ውስጥ ጉልበታቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው የተጠበሰ ዓሣና ድንች በሉ። ማላኪ ሆምጣጤ ካፖርቱ ላይ ደፋ። ሲጨርሱ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በካርታው ላይ መፈለግ ጀመረ። ዴርቭላ ግን ጣቷን እየላሰች፣ «ዓሣ የሸጠልን ሰውዬ፣ ከዚህ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሄዶ መኪና የምታሻግር ጀልባ አለች አለኝ። ሩብ ሰዓት ነው በውሃ ላይ። ማዶው ሰሜን አየርላንድ ነው» አለች።

«ፓውንድ አልያዝንም።»

«ማዶ ይመነዘራል።»

«በጎቹስ?»

«ፓኪ አለ።»

ፓኪ ጀልባው ላይ ሳሉ ደወለ። «ዛሬ አይደለም እንዴ የምትመጡት? አውራ ዶሮህ ጠልቶኛል! እግሬን ነከሰኝ!»

«ቦት ጫማ አድርግ» አለው ማላኪ፤ የጀልባዋን ጠርዝ በአንድ እጁ አጥብቆ ይዟል፤ ፊቱም ወደ አረንጓዴ ሄዷል። «ጥቂት ቀን ጨምርልን።»

«ስንት ቀን?»

ማላኪ ሚስቱን አየ፤ ዴርቭላ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ስልኩ እየተቆራረጠ ነው፣ ፓኪ» አለና ዘጋው።

ጀልባዋ ዳር ያዘች፤ ብረቱ ተዘረጋ፤ ዴርቭላ መኪናዋን በቀስታ አወጣች። ከወደቡ የወሰዳቸው ቀጭን መንገድ ዋናው ጎዳና ላይ ሲያበቃ አቆመች።

«ቀኝ ነው ግራ?» አለች።

በዚህ በኩል የመጣ እንግዳ አልነበረውም። ስለዚህ ዳርቻ ማንም ምንም ነግሮት አያውቅም። «አላውቅም» አለ ማላኪ፤ ቃሉ ሲወጣ ቀለለውና ሳቀ። «ምንም አላውቅም፣ የኔ እመቤት። እርስዎ እንዳሉ።»

ዴርቭላ ባሕሩ ወዳለበት፣ ወደ ግራ ዞረች። ስድስት ቀን የተባለው ጉዞ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ፓኪም በእያንዳንዱ ቀን ደወለ።